ሌሊት 10 ሰዓት የምትቀሰቅስ ድመት

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። እኔ ግን ዓምና በሁዳዴ ሰሞን በየጠዋቱ ነበር የምሰማው። የሚተርቱት አከራዬ እትዬ ሲሆኑ፣ የሚተረትባት ደግሞ ድመቴ ውሮ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና አንዲት የአካውንቲንግ ተማሪ ጓደኛዬ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከግቢ ወጣ ብለን አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ቤቱ አይጥ በአይጥ ነበር። የሃንድአውቶቼን ጠርዝ እየበሉ ሲያስቸግሩኝ፣ ከአንድ ካፌ ጀርባ ስትንከራተት ያገኘኋትን የድመት ግልገል ይዤ ገባሁ። ስም እንኳ ያወጡላት የእትዬ እናት እማሆይ ናቸው፤ «ውሮ፣ ውሮ» እያሉ ሲጠሯት በዚያው ቀረ። አይጦቹም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ድራሻቸው ጠፋ።

ስድስት ወር ገደማ ሲሆናት፣ ሁዳዴ በገባ በሳምንቱ፣ ሌላ ጣጣ መጣ። ልክ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን ትነሣለች። መጀመሪያ ደረቴ ላይ ትወጣለች፤ ቀጥላ ፊቴን በመዳፏ ትነካካለች፤ ዝም ካልኳት ጠረጴዛው ላይ ያሉትን እስክሪብቶዎች አንድ በአንድ ወደ መሬት ትጥላለች። ተናድጄ ሳስወጣትና መስኮቱን ስዘጋባት ደግሞ የቆርቆሮውን በር ትቧጥጣለች። የቆርቆሮ በር በውድቅት ሌሊት ሲቧጠጥ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል፤ ግቢው በሙሉ ይነሣል።

ጓደኛዬ ሦስት ሳምንት ታገሠች። ከዚያ «አንቺና ድመትሽ ስትስማሙ ጥሩኝ» ብላ ብርድ ልብሷን ይዛ ዶርም ያሉ ጓደኞቿ ዘንድ ሄደች። እኔ ደግሞ የስታትስቲክስ ሚድ ላይ፣ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳለሁ፣ እንቅልፍ ጣለኝ። ፈታኙ ትከሻዬን ነካ ሲያደርገኝ ውሮ መስሎኝ «ሂጂ ከዚህ!» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ውጤቱ ሲለጠፍ አልሳቅሁም። በዚያው ሳምንት እትዬ ቁርጡን ነገሩኝ፦ «ልጄ፣ እስከ ፋሲካ ዝም ካላሰኘሻት በጆንያ አድርጌ ዓባይ ማዶ ነው የማስጥላት።» እትዬ ያሉትን የሚያደርጉ ሴት ናቸው።

እንግዲህ የቀረኝ አራት ሳምንት ነበር። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት በእነዚያ ሳምንታት ምን እንዳደረግሁና ለምን እንደሠራ ለማስረዳት ነው። ድመት ለሌላችሁም ቢሆን፣ የመማር ሥነ ልቦና ኮርስ ገና ለምትወስዱ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች ሳይጠቅም አይቀርም።

በዚያው ሴሚስተር እኛም ያንኑ ኮርስ እየወሰድን ነበር። አንድ ቀን መምህራችን ሰሌዳው ላይ ሣጥን ሣለ፤ ከውስጥ ድመት፣ ከውጭ ዓሣ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ያሳተመው ጥናት ነው። የተራበች ድመት ሣጥን ውስጥ ትዘጋለች፣ ምግቡ በውጭ በኩል ይቀመጣል። ድመቷ ትቧጥጣለች፣ ትነክሳለች፣ ትጮኻለች። በዚህ መሃል ሳታስበው ገመዱን ስትስብ ወይም መዝጊያውን ስትነካ በሩ ይከፈትላታል። ደጋግማ ስትዘጋ የማይረባው ሙከራ እየቀነሰ፣ በሩን የሚከፍተው ድርጊት ብቻ እየጠራ ይሄዳል። ቶርንዳይክ «የውጤት ሕግ» ያለው ከዚህ የመነጨ ነው፤ ይኸውም ደስ የሚያሰኝ ውጤት ያስከተለ ድርጊት ይደጋገማል፣ ያላስከተለው እየተተወ ይሄዳል ማለት ነው።

ማስታወሻ መያዜን ትቼ ሥዕሉ ላይ አፈጠጥኩ። መቧጠጥ፣ መጮኽ፣ ከዚያ የበር መከፈት! ኧረ ይሄ የእኔ ቤት ነው! ልዩነቱ የቶርንዳይክ ሣጥን በገመድ ሲከፈት የእኔ ቤት የሚከፈተው በእኔ መሆኑ ነው። ውሮ መጀመሪያ የጮኸች ሌሊት ምን አድርጌ ነበር? ተነሥቼ ከራት የተረፈ እንጀራ በወጥ ሰጠኋት፤ «በልተሽ ዝም በይ» ብዬ። እርሷም በላች፣ ዝም አለች፣ እኔም ተኛሁ። ሕጉ በሁለታችንም ላይ ሠራ። እርሷ ጩኸት ምግብ እንደሚያመጣ ተማረች፤ እኔ ደግሞ ምግብ ዝምታ እንደሚያመጣ ተማርኩ። ማን ማንን እንዳሠለጠነ ለመናገር ይቸግራል።

ሰዓቱን ግን እኔ አላስተማርኳትም። ብዙ ሰው ድመት የሌሊት እንስሳ ናት ይላል። በትክክል ለመናገር ድመት ይበልጥ የምትንቀሳቀሰው ቀንና ሌሊት በሚገናኙባቸው ሰዓቶች፣ አመሻሽ ላይና ሊነጋጋ ሲል ነው። የቤት ድመት ዘሯ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት እንደሚመዘዝ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የዘረመል ጥናት አሳይቷል፤ ያቺ የዱር ድመት ደግሞ አድና የምትኖረው በአብዛኛው አይጥና አይጥ መሰል እንስሳትን ነው። ዓይኗም ለዚሁ የተሠራ ነው። ከዓይኗ ጀርባ ብርሃንን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን አለ፤ ባትሪ ስናበራባት ዓይኗ ቦግ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 እስከ 16 ሰዓት ያህል ትተኛለች። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍል ስውል እርሷ አልጋዬ ላይ ስትተኛ ትውላለች ማለት ነው። ታዲያ ሌሊት ምን ትሥራ? በእኛ በኩል ደግሞ የሰው እንቅልፍ 90 ደቂቃ ገደማ በሚፈጁ ዑደቶች ሲጓዝ፣ ሕልም የሚበዛበት ክፍል ወደ ንጋት እየረዘመ ይሄዳል። ውሮ የምትቆርጥብኝ ይህንኑ ነበር። ቀን ላይ እንደ ደነዘዝኩ የምውለው ያለ ምክንያት አልነበረም።

እስካሁን የጻፍኩት ከክፍልና ከመጽሐፍ የሚገኝ ነው። የሚቀጥለውን ግን ያገኘሁት ከራሴ ደብተር ነው። መምህራችን «ባሕርይ ለመለወጥ ከመሞከራችሁ በፊት መዝግቡ» ይሉን ስለነበር፣ ውሮ በስንት ሰዓት እንደምትነሣ፣ ምን ያህል እንደምትጮኽ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደበላች መጻፍ ጀመርኩ። በአራተኛው ቀን ደብተሩን ሳገላብጥ «ምን በላች» የሚለው መስመር ላይ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘሁት፦ ሽሮ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ሽሮ።

ለካ ውሮም እየጾመች ኖሯል!

ከሁዳዴ በፊት ከእትዬ ቤት አጥንት፣ የወተት ዕቃ እጣቢ፣ አንዳንዴ እንቁላል ይደርሳት ነበር። ጾሙ ሲገባ ግን ያ ሁሉ ቀጥ አለ፤ 55 ቀን ሙሉ። አይጦቹንም ጨርሳቸዋለች። ድመት እንደ ውሻ ያገኘችውን በልታ የምታድር እንስሳ አይደለችም፤ ተፈጥሮዋ ሥጋ በል ብቻ ነው። ለምሳሌ ለዓይኗና ለልቧ ጤንነት የግድ የሚያስፈልጋት ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር በሥጋና በዓሣ ውስጥ እንጂ በሽሮ ውስጥ አይገኝም። ይባስ ብሎ ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የድመትን ቀይ የደም ሴል የሚጎዱ ናቸው። እኛ ስንጾም ወደን ነው። እርሷን ግን ማንም አልጠየቃትም። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የምሰማው ጩኸት አንዱ ክፍል ዓመል ቢሆንም፣ ሌላው ክፍል የእውነት ረኀብ ነበር። የተራበችን ድመት «ዝም ብዬ አስተዋታለሁ» ማለት ደግሞ ሥነ ልቦና ሳይሆን ጭካኔ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ትቼ መጀመሪያ ሆዷን ያዝኩ።

ባሕር ዳር ላይ መሆኔ እዚህ ላይ ጠቀመኝ። ጣና ዳር፣ ዓሣ አጥማጆቹ ቀረሶና አምባዛ በሚበልቱበት ቦታ፣ ጭንቅላቱና የአጥንቱ ሥጋ ለወፎቹ የሚጣል ነው። ከነዚያ ትልልቅ ነጭ ወፎች ጋር እየተሻማሁ አንድ ፌስታል ይዤ መመለስ ለመድኩ። ችግሩ እማሆይ ናቸው። «በጾም በዕቃዬ ዓሣ እንዳትቀቅዪበት!» አሉኝ። በባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ፣ በራሴ ከሰል ምድጃ፣ ከግቢው ጥግ መቀቀል ጀመርኩ። መቀቀሉ የግድ ነው፤ አንዳንድ ጥሬ ዓሣ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ነገር አለበት። አጥንቱንም መልቀም ያስፈልጋል፣ ጉሮሮ ላይ ይሰካል። እርግጥ ዓሣ ብቻውን ለዘለቄታው የተሟላ የድመት ምግብ አይደለም፤ ከፋሲካ ወዲህ ሳንባና የሥጋ ፍርፋሪ እጨምርላታለሁ።

ሆዷ ሲሞላ ጩኸቱ ቀነሰ፣ ግን አልቆመም። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ትምህርቱ በቦታው አለና። በዚያ ላይ እኔ የሠራሁት ትልቁ ስሕተት አንዳንድ ሌሊት መነሣቴ፣ አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ትራሱን ጆሮዬ ላይ ጭኜ መቻሌ ነበር። ስኪነርና ፈርስተር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚሸለም ድርጊት ሁልጊዜ ከሚሸለመው ይልቅ በቀላሉ አይከስምም። ሎተሪ እንደሚቆርጥ ሰው ማለት ነው፤ ዛሬ ባይወጣለት ነገ ይሞክራል። «ዛሬ ብቻ» ብዬ የተነሣሁባቸው ሌሊቶች ሁሉ ውሮ ዕጣ የወጣላት ሌሊቶች ናቸው። ነጠላ ጫማ መወርወርና መጮኽም አይረባም። ጓደኛዬ ሞክራዋለች፤ ድመቷ ሰውየውን ትፈራለች እንጂ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጋር አታያይዘውም፣ ደግሞም ብርድ ልብስ ውስጥ ካለ ዝምተኛ ሰው ይልቅ የሚቆጣ ሰው ይሻላታል፤ ቢያንስ ነቅቷል።

ሁለት ነገር አደረግሁ። አንደኛው የማታው ነው። ድመት በተፈጥሮዋ ታድናለች፣ ትበላለች፣ ራሷን ልሳ ታጸዳለች፣ ከዚያ ትተኛለች። እኔም ይህንኑ ቅደም ተከተል ወደ መኝታዬ ሰዓት አመጣሁት። ማታ 3 ሰዓት ላይ የጨርቅ ቁራጭ በሲባጎ አስሬ መሬት ለመሬት እጎትትላታለሁ፤ እስኪደክማት፣ 15 ደቂቃ ያህል። በመጨረሻ ጨርቁን እንድትይዘው እተውላታለሁ፤ ሁሌ የሚያመልጥ አደን ያበሳጫታል። ወዲያው ዋናውን ምግብ እሰጣታለሁ። ልሳ ልሳ ስትጨርስ ተጠቅልላ ትተኛለች። ይህን በመጀመሪያ ሳምንት አድርጌው ቢሆን ብዙ ሥቃይ በቀረልኝ ነበር።

ሁለተኛው የሌሊቱ ነው፤ ማለትም ለጩኸቱ ፈጽሞ መልስ አለመስጠት። አለመነሣት፣ አለመናገር፣ «እሽ!» እንኳ አለማለት። ሽልማቱ የተቋረጠበት ድርጊት ከመክሰሙ በፊት ለጊዜው እንደሚብስ ከኮርሱ አውቃለሁ፤ የግቢው ሰው ግን አያውቅም። ስለዚህ አንድ እሑድ ከሰዓት ቡና አፈላሁና ለእትዬም ለጎረቤቶቹም አስረዳሁ። «አሥር ቀን ስጡኝ፣ መጀመሪያ ይብሳል፣ ሲብስ እየሠራ ነው ማለት ነው» አልኳቸው። የጥበቃ ሥራ የሚሠራው ጎረቤታችን «የኛ አገር ነገር ሁሉ እንዲህ ነው፣ ሊሻል ሲል ይብሳል» ብሎ አሳቃቸው። እትዬ አልሳቁም፣ ግን እሺ አሉ።

ደብተሬ ላይ እንዳለው፣ በመጀመሪያው ሌሊት 35 ደቂቃ ጮኸች። በሁለተኛው 50። በሦስተኛው አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሲሆን፣ የሻይ ብርጭቆም ሰበረች፤ እኔ አንሶላውን ነክሼ ተኛሁ፣ መተኛት ከተባለ። በአራተኛው 40 ደቂቃ። በአምስተኛው ዘዴ ቀየረች። መጮኽ ትታ ጆሮዬ ሥር ተቀምጣ ማንኮራፋት ጀመረች፤ ግን የለመድነው የደስታ ማንኮራፋት አይደለም፣ ውስጡ እንደ ሕፃን ለቅሶ ያለ ቀጭን ድምፅ አለበት። ይህንንም የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 አጥንተውታል። ምግብ ፈልጋ የምታሰማው ማንኮራፋት ከሌላው የተለየ እንደሆነና ድመት የሌለው ሰው እንኳ ሲሰማው አጣዳፊ ነገር እንደሚመስለው ደርሰውበታል። እውነት ነው፣ ልቤ ሊከዳኝ ነበር። በስድስተኛው ሌሊት 10 ደቂቃ ብቻ።

በሰባተኛው ሌሊት ውሮ ለመጸዳጃ እንድትወጣ ክፍት በምተውላት ትንሽ መስኮት ወጣችና ከንፈሯን እየላሰች ተመለሰች። በስምንተኛው ሌሊት እንደገና አንድ ሰዓት ሙሉ ጮኸች። ከሰመ የተባለ ባሕርይ ድንገት ማገርሸቱ ከፓቭሎቭ ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ይህ ግን ከማገርሸት በላይ ነበር። በዘጠነኛው ሌሊት ከመስኮት ስትወጣ ነጠላዬን ደርቤ ተከተልኳት።

እማሆይ ናቸው። ለኪዳን ሊሄዱ በሩ ላይ ቆመው፣ ከነጠላቸው ጫፍ የዳቦ ቁራሽ ፈትተው እየሰጧት ነው። «እማሆይ! ተስማምተን አልነበር?» አልኳቸው። «ይቺ የፈጣሪ ፍጥረት እግሬ ሥር እየጮኸች፣ ተራምጃት ልሳለም ልሂድ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ስኪነር ራሱ እዚያ በር ላይ ቢቆም መልስ የሚኖረው አይመስለኝም።

ስለዚህ ክልከላውን ትቼ ሰዓቱን ማዛወር መረጥኩ። እማሆይ ይስጧት፣ ግን ሲሄዱ ሳይሆን ሲመለሱ፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ በብርሃን። «ዓሣ በእጄ አልነካም» ስላሉ ከማታው የተረፈውን በጣሳ ክዳን አድርጌ ከደረጃው ሥር አስቀምጣለሁ፤ እርሳቸው ሲመለሱ የተከደነበትን ድንጋይ በመቋሚያቸው ገፋ ያደርጉላታል። ይህ ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ሥራውን የጨረሰችው ግን እርሷ ናት። እንስሳ ምግብ በሚመጣበት ሰዓት አካባቢ አስቀድሞ መንቃት ይለምዳል፤ የምግቡ ሰዓት ሲገፋ መንቂያውም አብሮ ይገፋል። እኔም ከእንቅልፌ እንደተነሣሁ ወዲያው ምንም አልሰጣትም። ዓይኔን በገለጥኩ ቁጥር ሣህን የሚመጣ ከሆነ ዓይኔን ማስገለጥ ሥራዋ ይሆናልና። ፊቴን ታጥቤ፣ አልጋ አንጥፌ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው።

ለፋሲካ ስድስት ቀን ሲቀር ደብተሬ ላይ የመጀመሪያውን «0» ጻፍኩ።

ይህ ዘዴ የማይሠራበት ጊዜ እንዳለ ግን ሳልናገር አላልፍም፤ ምክንያቱም በግንቦት እኔው ራሴ ልሳሳት ነበር። ውሮ አንድ ሌሊት ከቀድሞው ፈጽሞ የተለየ፣ ረጅምና የሚያስፈራ ጩኸት ጀመረች። መሬት ላይ ትንከባለላለች፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ የሰፈሩ ወንድ ድመቶች ይራኮታሉ። ወንድ ፈልጋ ነው። ሴት ድመት ካላረገዘች በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ይመላለስባታል፤ የቀን ብርሃን ርዝመት ብዙ በማይለዋወጥበት እንደኛ ባለ አገር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሊቀጥል ይችላል። ይህን በዝምታ አሸንፈዋለሁ የሚል ይሞክር! መፍትሔው ማምከን ነው። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስደን አስመከንናት፣ በዚያው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ተወጋች። የሚገርመው ከወጪው ግማሹን የከፈሉት እትዬ ናቸው፤ «አምስት ግልገል ከማስተዳድር ይሻለኛል» ብለው።

በዕድሜ የገፋች ድመት በድንገት ሌሊት ሌሊት መጮኽ ከጀመረችም ጉዳዩ የዓመል አይደለም። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መብዛት፣ የደም ግፊት፣ የኩላሊት ሕመም፣ መስማት ማቆም ወይም እንደ ሰው መጃጀት ሊሆን ይችላል። መሽናት ያቃታት ድመት፣ በተለይ ወንድ ከሆነ፣ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም፤ ይሞታል። እዚህ ላይ ደብተር ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው።

ጓደኛዬ በሰኔ ብርድ ልብሷን ይዛ ተመልሳለች፤ እስክሪብቶዎቿን ግን እስካሁን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ ነው የምትተኛው። ውሮ አሁን የምትነሣው ወደ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የእማሆይ መቋሚያ ኮረኮንቹ ላይ ሲሰማ ነው። እኔም በዚያው እነሣለሁ፤ ስታትስቲክስን ዘንድሮ እየደገምኩት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት የማጠናው አላጣሁም።